የጉልት ምግብና የክብር ማዕድ

አንድን ከተማ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ብዙውን ጊዜ ወደ ሕንፃዎቹ፣ ወደ አብያተ ክርስቲያናቱና ወደ መስጊዶቹ፣ ወደ ቤተ መዘክሩና ወደ አደባባዩ ይሄዳል። ይህ ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕንፃ የሚነግረን ሰዎች በአንድ ወቅት የሠሩትን ነው፤ በየቀኑ እንዴት እንደሚኖሩ ግን አይነግረንም። የአንድ ሕዝብ የዕለት ኑሮ የሚታወቀው በማዕዱ ነው። ምን ዘርቶ ምን እንዳጨደ፣ መቼ እንደሚጾምና መቼ እንደሚፈስክ፣ ከማን ጋር እንደ ተገበያየ፣ እንግዳውንም እንዴት እንደሚቀበል፣ ይህ ሁሉ በገበታው ላይ ተጽፎ ይገኛል። ጽሑፉን ግን አንባቢ ሁሉ አያነበውም። የሚያነብለትና የሚተረጉምለት ሰው ያስፈልገዋል።

ይህን የተረዱ አገሮች «የምግብ ጉብኝት» የሚባል ሥራ አቋቁመዋል። አስጎብኚው ጥቂት እንግዶችን ይዞ በከተማው ውስጥ ይዘዋወራል። በመንገድ ዳር ከተጠበሰው ያቀምሳቸዋል፤ ወደ ገበያው ያስገባቸዋል፤ በመጨረሻም በክብር ወደሚበላበት ቤት ይወስዳቸዋል። በየደረሱበት ሁሉ የምግቡን ታሪክ፣ አሠራርና የአበላል ሥርዓት ይነግራቸዋል። በአዲስ አበባም እንግዶችን ከሽሮ ቤት ወደ ክትፎ ቤት፣ ከጭማቂ ቤት ወደ ቡና ቤት እያዘዋወሩ የሚያስጎበኙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ይህ ሥራ በጃፓን የዳበረ ስለ ሆነ፣ እኛም ትምህርቱን ከዚያ ብንቀስም ይጠቅመናል።

የዚህ ጽሑፍ አስተያየት በአጭሩ የሚከተለው ነው። በጉልት ላይ የሚሸጠው ምግብና በክብር አዳራሽ የሚቀርበው ምግብ የአንድ ዕውቀት ሁለት ገጾች ናቸው። የመጀመሪያውን የናቀ ሕዝብ ሁለተኛውን ሊያገኝ አይችልም። አምበርን የመሰሉ የመንገድ ዳር ከተሞች ወጣቶችም ከሁሉ አስቀድመው ሊማሩት የሚገባቸው ነገር ይኸው ነው።

እስቲ በመጀመሪያ የጃፓኑን እንመልከት። በኦሳካ ከተማ ጉብኝቱ የሚጀምረው አብዛኛውን ጊዜ ከመንገድ ነው። ምግብ ሠሪው ክብ ክብ ጎድጓዶች ባሉት የብረት ምጣድ ላይ የስንዴ ሊጥ ያፈሳል፤ በእያንዳንዱ ጎድጓድ ውስጥም የኦክቶፐስ ቁራጭ ያስቀምጣል። በቀጭን ወስፌ መሳይ ብረት እያገላበጠ ድቡልቡል አድርጎ ያበስለዋል። ይህ ምግብ ታኮያኪ ይባላል። በኦሳካ የታወቀውም ከ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ነው። እንግዳው ቆሞ፣ ትኩሱን፣ በእንጨት ስንጥር እየወጋ ይበላዋል። አስጎብኚው ግን አብልቶ ብቻ አይተወውም። «የዚህን ሰው እጅ ተመልከቱ፤ አንዱን ድቡልቡል ከሌላው ሳያሳርር የሚያገላብጠው በስንት ዓመት ልምድ ይመስላችኋል?» ብሎ ይጠይቀዋል። በዚያች ጥያቄ ምክንያት መንገድ ዳር የቆመው ሰው ከምግብ ሻጭነት ወደ ባለሙያነት ከፍ ይላል።

ከዚያ በኋላ እንግዳው ወደ ሌላው ጫፍ ይወሰዳል። በኪዮቶ ወይም በቶኪዮ ካይሴኪ የሚባለውን የክብር ማዕድ ይቀምሳል። በዚህ ማዕድ ላይ ምግቡ በአንድ ጊዜ ተትረፍርፎ አይቀርብም። በጥቂት በጥቂቱ፣ በተራ በተራው፣ እንደየወቅቱ በተመረጠ ሳሕን ይመጣል። በመጸው የመጸው፣ በጸደይ የጸደይ ቅጠልና አበባ ከምግቡ አጠገብ ይታያል። የዚህ ማዕድ ሥር ግን ሀብት አይደለም። በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. ሴን ኖ ሪኪዩ የተባለው የሻይ ሥርዓት መምህር በኖረበት ጊዜ፣ ሻይ ከመጠጣቱ በፊት ይቀርብ የነበረ ቀለል ያለ ምግብ ነበር። ካይሴኪ የሚለው ቃል ራሱ የተጻፈበት ፊደል «የጉያ ድንጋይ» የሚል ትርጉም አለው። እንደሚነገረው የቡድሃ መነኮሳት ረኃብ ሲጸናባቸው የሞቀ ድንጋይ በጉያቸው ይይዙ ነበር። እነሆ፣ ዛሬ በእጅጉ ውድ የሆነው የጃፓን ማዕድ ስሙን የወረሰው ከመነኮሳት ረኃብ ነው።

ሱሺ የሚባለውም ምግብ ታሪኩ ከዚህ የራቀ አይደለም። በጥንት ጊዜ ሱሺ ዓሣን በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ቀብሮ በማብላላት ሳይበላሽ የማቆያ ዘዴ ነበር። ቶኪዮ ኤዶ ትባል በነበረበት ዘመን ግን የከተማይቱ ሕዝብ በዝቶ ከሚሊዮን በላይ ደረሰ። ከእሳት ቃጠሎ የተረፈውን ቤት የሚጠግነው አናጢ፣ ዕቃ ተሸካሚውና ነጋዴው ቶሎ ተሠርቶ ቶሎ የሚበላ ምግብ ፈለገ። በ1820ዎቹ እ.ኤ.አ. ገደማ በኮምጣጤ የተለወሰ ሩዝ በእጅ ተጨምቆ፣ በላዩ የዓሣ ቁራጭ ተደርጎበት በድንኳን መሸጥ ጀመረ። ለዚህ አሠራር ሃናያ ዮሄይ የተባለ ሰው ስሙ ይነሣል። በጊዜው ጉርሻው ከዛሬው ተለቅ ያለ ሲሆን የሚበላውም ቆሞ ነበር። ዛሬ በውድ ዋጋ የሚፈለገው የቱና ዓሣ ስብ እንኳ በዚያን ጊዜ እንደ ረባ ነገር አይቆጠርም ነበር። ቴምፑራ የሚባለውም ጥብስ ሥረ መሠረቱ በአሥራ ስድስተኛው መቶ ዘመን እ.ኤ.አ. ወደ ጃፓን የመጡት የፖርቱጋል ሰዎች አጠባበስ ነው። ኋላም በኤዶ መንገዶች ላይ በስንጥር እየተወጋ ይሸጥ ነበር።

ከዚህ የምንረዳው ቁም ነገር ምንድን ነው? የጃፓን የክብር ማዕድ የወረደው ከቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም፤ ከመንገድ ዳርም ወጥቶ ወደ አዳራሽ ገብቷል። ያሳደገውም ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሠሪዎቹ ሥራቸውን ሳይንቁ ከአባት ወደ ልጅ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር አስተላለፉት። ሁለተኛ፣ ተመጋቢዎቹ የእጅን ብልኃት ማየትና ማድነቅ ተማሩ። ሦስተኛ፣ ታሪኩን የሚጽፉና የሚናገሩ ሰዎች ተነሡ። ሚሼሊን የተባለው የፈረንሳይ የጎማ ኩባንያ የሚያሳትመው የምግብ ቤቶች መምሪያ የቶኪዮን ዝርዝር ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ በወጣው ዝርዝር ደግሞ ዘጠኝ መቀመጫ ብቻ ያላት አንዲት የራመን ቤት የክብር ኮከብ አገኘች። ራመን ማለት ከቻይና የመጣ፣ በሾርባ ውስጥ የሚቀርብ የስንዴ ክር ምግብ ሲሆን፣ የሠራተኛው ምሳ ነው። ኮከቡን ያገኘችው አዳራሽ ስላላት አልነበረም፤ ሾርባዋን በጥንቃቄ ስለምትሠራ ነው።

ምናልባት «ጃፓን ሩቅ ናት፤ ከእኛ ጋር ምን ያገናኛታል?» ትሉ ይሆናል። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ መልሱም እንደዚሁ። በ1924 ዓ.ም. ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የኢትዮጵያን መልእክተኞች መርተው ወደ ጃፓን ሄደው ነበር። ስለዚያችም አገር «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለ መጽሐፍ ጽፈዋል። በዚያ ዘመን የነበሩ ሊቃውንት ጃፓንን የተመለከቱት የራሷን ጠባይ ሳትለቅ ከሌላው ዓለም ዕውቀት የወሰደች አገር አድርገው ነው። ወደ እናንተ ቀረብ ያለ ምሳሌም አለ። ከአዲስ አበባ ወደ አምበር የሚመጣ መንገደኛ የዓባይን ሸለቆ የሚሻገረው በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል በተሠራው የህዳሴ ድልድይ ነው። ያ ድልድይ በጃፓን መንግሥት ርዳታ ተሠርቶ በ2000 ዓ.ም. ማብቂያ ተመረቀ። በኅዳር 2006 ዓ.ም. ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት በባኩ ከተማ ባደረገው ጉባኤ፣ የኢትዮጵያ የመስቀል በዓልና የጃፓን ባህላዊ የአመጋገብ ሥርዓት በአንድ ጉባኤ በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገቡ። እኛ በዓላችንን አስመዘገብን፤ እነርሱ ማዕዳቸውን አስመዘገቡ። ማዕድ እንደ በዓል ሁሉ ቅርስ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምስክር አያስፈልግም።

እንግዲህ ወደ አምበር እንመለስ። አምበር ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የጎጃም ደጋ ከተማ ናት። ጤፍና ስንዴ በሚበቅልበት ምድር መካከል ተቀምጣለች። እንደ ማንኛውም የመንገድ ከተማ ብዙ ሰው አያት እንጂ ብዙ ሰው አላወቃትም። መንገደኛው በመኪናው መስኮት ቆሎ ገዝቶ ያልፋል፤ በክረምት ማብቂያም የበቆሎ እሸት በፍም ተጠብሶ ያገኛል። በልቶ ረኃቡን ያስታግሳል፤ ሆኖም ምን እንደ በላ፣ ማንም እንደ ሠራው ሳያውቅ ጉዞውን ይቀጥላል። የአገራችን አባባል እንደሚለው በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል። ወርቁን እንደ መዳብ የሚቆጥረው ግን መንገደኛው ብቻ አይደለም፤ እኛም ራሳችን ነን።

ለምሳሌ ያህል እንጀራን ውሰዱ። አንድ አስጎብኚ የእንግዶች ጓድ ይዞ ወደ አንዲት እናት ማጀት ቢገባ ምን ሊናገር ይችላል? የጤፍ ዱቄት ተቦክቶ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን እንደሚያድር፣ ውኃው ከላይ ሲያቀር ተጠልሎ እንደሚደፋ፣ ከሊጡ ጥቂቱ ተወስዶ በፈላ ውኃ አብሲት ተጥሎ ተመልሶ እንደሚቀላቀል፣ ሊጡም ኩፍ ሲል በጋለ ምጣድ ላይ ከዳር ወደ መሐል እየተዞረ እንደሚፈስ፣ ዐይኑም እንዴት እንደሚወጣ ሊያስረዳ ይችላል። አብሲቱ ያልተጣለበት ሊጥ ዐይኑ ሲጠፋ፣ ያለ ጊዜው የተጋገረው ደግሞ ሲደርቅ እናቶች ያውቃሉ። ይህ ሁሉ በእጅ፣ በዐይንና በአፍንጫ የሚመዘን ዕውቀት ነው። ጃፓናዊው በሩዙ ውስጥ የኮምጣጤውን መጠን እንደሚለካ ሁሉ፣ እናታችሁም የእርሾውን ዕድሜ ትለካለች። ልዩነቱ የእርሱ ዕውቀት ተጽፏል፤ የእርሷ ገና አልተጻፈም።

ወይም የዶሮ ወጥን አስቡ። ዶሮዋን በዐሥራ ሁለት ብልት፣ አጥንት ሳይሰበር፣ እያንዳንዱን ብልት በየመገጣጠሚያው ፈልቅቆ ማውጣት ልምድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። ሽንኩርቱን ያለ ጥድፊያ ማቁላላት፣ በርበሬውን ሳያሳርሩ ማብሰል፣ ቅመሙን በመጨረሻ መነስነስ፣ እያንዳንዱ ጊዜውን የጠበቀ ነው። የጃፓን የዓሣ ባለሙያ ቢላዋውን ሲያነሣ ጎብኚዎች ትንፋሻቸውን ውጠው ይመለከታሉ። የእኛዋ ባለሙያ ዶሮ ስትገነጣጥል ግን ማን ቀና ብሎ ያያታል?

እዚህ ላይ ቋንቋችን ራሱ የሚያስተምረን ነገር አለ። «ባለሙያ» የሚለውን ቃል አስተውሉ። በመሥሪያ ቤት ስንጠቀምበት በትምህርት የሠለጠነውን መሐንዲስ ወይም ሐኪም እንጠራበታለን። በመንደር ግን «እገሊት ባለሙያ ናት» ሲባል ጠላዋ የጠራ፣ እንጀራዋ የለሰለሰ፣ ወጧ የጣመ ማለት ነው። ቋንቋው ለሁለቱም አንድ ክብር ሰጥቷል። «ባልትና» የሚለውም ቃል ምግብን ከመሥራት በላይ ጥበብን፣ ንጽሕናንና ቁጠባን ይጠቀልላል። «ጉርሻ» ደግሞ በሁለት ትርጉም ይሠራል፤ አንደኛው በፍቅር በእጅ የሚሰጥ እንጀራ ሲሆን፣ ሁለተኛው ለአስተናጋጅ በአክብሮት የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ፍቅርና ክፍያ በአንድ ቃል ውስጥ መገናኘታቸው በአጋጣሚ ብቻ አይመስለኝም። እንግዲህ የጎደለው ቃሉ ሳይሆን፣ ለቃሉ የሚገባውን ቦታ መስጠት ነው።

የክብር ማዕድም ቢሆን በአገራችን እንግዳ ነገር አይደለም። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በ1873 ዓ.ም. ነግሠው ደብረ ማርቆስን መቀመጫቸው ባደረጉበት ጊዜ፣ እንደ ማንኛውም የዘመኑ ንጉሥ ግብር ያበሉ ነበር። በግብር አዳራሽ የመቀመጫው፣ የአቀራረቡና የአነሣሡ ሥርዓት እንደየማዕረጉ የተለየ ነው። የሚበላው ግን በመሠረቱ ገበሬው የሚበላው ነው፤ እንጀራው ያው እንጀራ፣ ወጡም ያው ወጥ ነው። የተለየው የጤፉ ንጣት፣ የማባያው ብዛትና የአቀራረቡ ጥንቃቄ ነበር። የጾም ምግባችንም እንደዚሁ ነው። የጃፓን የቡድሃ መነኮሳት ሥጋና ዓሣ የሌለበትን የገዳም ምግብ ወደ ታላቅ ጥበብ አሳድገውታል። እኛም በዓመት ውስጥ ብዙ ቀን የምንጾም ሕዝብ ስለ ሆንን ከባቄላው፣ ከአተሩ፣ ከምስሩና ከሱፉ የሚወጣው የማባያ ዓይነት ቀላል አይደለም። ሥጋ የማይበላ እንግዳ ከየትኛውም የዓለም ክፍል ቢመጣ በአምበር አንዲት የጾም ገበታ ላይ ሳይቸገር ይጠግባል።

ይህን አስተያየት የሚቃወሙ ሰዎች እንዳሉ አውቃለሁ። የሚያነሡትም ክርክር ሊደመጥ ይገባዋል።

አንዳንዶች «በእኛ ባህል እንግዳ ይጋበዛል እንጂ አይሸጥለትም፤ ማዕድን ለገበያ ማውጣት ልማዳችንን ያረክሳል» ይላሉ። «ከፍትፍቱ ፊቱ» የሚለው ምሳሌያዊ አነጋገር የሚያመለክተውም ከምግቡ ይልቅ የጋባዡ ፊት እንደሚበልጥ ነው። ይህ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ቆሎ ሻጯና ጠላ ነጋዴዋ ዛሬም ይሸጣሉ። የሚሸጡትም ልማድ አፍርሰው ሳይሆን ልጆቻቸውን ለማሳደግ ነው። አስጎብኚው የሚጨምረው ነገር ቢኖር ሽያጩን ሳይሆን ፊቱን ነው። እንግዳው ከምግቡ ጋር የሠሪዋን ስም፣ ሰላምታና ታሪክ ይዞ ይሄዳል። ፊት የሌለው ፍትፍት የሚሸጠው ዛሬ ነው እንጂ ያን ጊዜ አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ባለጸጋ እንግዳ መጥቶ የድኻን ማጀት እንዲያይ ማድረግ ድኽነትን ትርኢት ማድረግ ነው» ይላሉ። ይህ ከሁሉ የጠነከረው ተቃውሞ ነው። አስጎብኚው እንግዶቹን ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ቤት ካስገባ፣ ጭሱንና የተቀደደውን ምንጣፍ ፎቶ ግራፍ እያስነሣ ካለፈ፣ ገንዘቡንም ብቻውን ከወሰደ ሥራው በእርግጥ ነውር ነው። መፍትሔው ግን ጉብኝቱን መተው ሳይሆን ሥርዓት ማስያዝ ነው። የቤቱ ባለቤት አስቀድማ ትፈቅዳለች፤ ዋጋዋን ራሷ ትናገራለች፤ ድርሻዋን በእጇ ትቀበላለች፤ የምታሳየውም ችጋሯን ሳይሆን ሙያዋን ይሆናል። ሰው በሙያው ሲታይ አያፍርም፤ የሚያሳፍረው እንደ ዕቃ ሲታይ ነው።

ሦስተኛው ክርክር የጤና ነው። በመንገድ ዳር የሚሸጥ ምግብ አቧራና ዝንብ እንደሚነካው ማንም አይክድም። ጃፓኖችም ይህን ችግር አይተውታል። በደቡብ ጃፓን የምትገኘው ፉኩኦካ በማታ ድንኳን ምግብ ቤቶቿ የታወቀች ከተማ ናት። ድንኳኖቹ መንገድ ዘጉ፣ ቆሻሻ አበዙ ተብለው በተወቀሱ ጊዜ ከተማይቱ ጠራርጋ አላጠፋቻቸውም። በ2013 እ.ኤ.አ. ሥርዓት የሚያስይዝ ደንብ አወጣችላቸው እንጂ። ደንቡን የጠበቀ ይሠራል፤ ያልጠበቀ ይቀጣል። ለእኛም ቢሆን የሚያስፈልገው መክደኛ ያለው ዕቃ፣ የተጣራ ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያና የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነው። ይህን ለማሟላት አዳራሽ መሥራት ግድ አይሆንም።

የመጨረሻው ተቃውሞ የሚያሳዝን ነው። «ሰላም በሌለበት ስለ ጉብኝት ማውራት ምን ይረባል?» የሚሉ አሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት ጎጃምንም ክፉኛ እንደ ጎዳ የታወቀ ነው። መንገድ ሲዘጋ ጎብኚው ብቻ ሳይሆን ቆሎ ሻጯም ገበያዋን ታጣለች። እንግዳ ያለ ሰላም አይመጣም፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ችግር በሚበዛበት ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠፋው ያልተጻፈ ዕውቀት ነው። አንዲት ባለሙያ እናት ከቀዬዋ ብትፈናቀል ወይም ብታልፍ እርሾዋም፣ የቅመም ምጣኔዋም፣ የጠላ ጥንስሷም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እንግዳ የሚመጣበትን ቀን እየጠበቁ መቀመጥ አይበጅም። መንገዱ በተከፈተ ቀን የሚነገር ታሪክ እንዲኖረን ዛሬ መሰብሰብ አለብን። እንግዳው ቢዘገይ እንኳ የተሰበሰበው ዕውቀት ለልጅ ልጅ ይቀራል።

እንዲህ ከሆነ ምን ይደረግ? በእኔ አስተያየት ሦስት ነገሮች ይበቃሉ። የመጀመሪያው ዕውቀትን መመዝገብ ነው። በደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የሚማሩ፣ እንዲሁም በየትምህርት ቤቱ ያሉ ወጣቶች የአካባቢያቸውን የምግብ አሠራር ከእናቶችና ከአያቶች አፍ ሊቀበሉ ይችላሉ። ሁለተኛው አስጎብኚን ማሠልጠን ነው። አስጎብኚ ማለት መንገድ የሚያሳይ ብቻ አይደለም። የጤፉን ዓይነት፣ የጾሙን ሥርዓት፣ የንጉሡን ግብርና የገበሬውን እርሻ አገናኝቶ የሚናገር ሰው ነው። የማያውቀውን ፈጥሮ የሚናገር አስጎብኚ ደግሞ የተበላሸ እርሾ ነው፤ ሊጡን ሁሉ ያበላሻል። ሦስተኛው ምግቡን በራሱ ስምና ጣዕም ማቅረብ ነው። ለእንግዳ ደስ እንዲለው ተብሎ በርበሬው ከጠፋ፣ እንጀራውም በሌላ ዱቄት ከተደባለቀ፣ እንግዳው የራሱን አገር ምግብ በእኛ ዋጋ በላ ማለት ነው። ጃፓናዊው ለእንግዳው ሹካ ሊያቀርብለት ይችላል፤ ሱሺውን ግን ጥሬ ዓሣ ስለሚያስፈራ ብሎ ወደ ጥብስ አይለውጠውም።

ተማሪዎች ሆይ፤ ይህን ሁሉ ካነበባችሁ በኋላ ወደ ቶኪዮ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ከትምህርት ቤት ወደ ቤታችሁ የምትሄዱበትን መንገድ እንደ አስጎብኚ ሆናችሁ ተመልከቱት። በጉልቱ ላይ የተቀመጡትን እናት «እትዬ፣ ይህን ቆሎ የቆሉት በምን ዓይነት እሳት ነው? ገብሱን ስንት ጊዜ ሸከሸኩት?» ብላችሁ በትሕትና ጠይቁ። ስትመለሱ እናታችሁን ስለ አብሲቱ፣ አያታችሁን ስለ ጌሾውና ስለ ብቅሉ ጠይቋቸው። በስፍር የሚለካውን በስፍር፣ በእፍኝ የሚለካውን በእፍኝ፣ በዕለት የሚቆጠረውን በዕለት ጻፉ። ወንዶች ልጆችም «ይህ የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ ወደ ኋላ አትበሉ። በቶኪዮ ከዓሣው ፊት ቢላዋ ይዘው የሚቆሙት አብዛኛዎቹ ወንዶች ናቸው፤ በሙያቸውም ይከበራሉ እንጂ አይነወሩም።

ከዚያ በኋላ የጻፋችሁትን ለክፍል ጓደኞቻችሁ አንብቡ። አንዱ ቤት ከሌላው በምን እንደሚለይ አወዳድሩ። በዚህ መንገድ አንዲት ትንሽ የመንገድ ዳር ከተማ ራሷን የምታነብበት መጽሐፍ ይኖራታል። ባዕድ አስጎብኚ መጥቶ ስለ እንጀራችን በራሱ አፍ ከሚያስረዳን፣ እኛው በራሳችን አፍ ብናስረዳው የተሻለ ነው። ለዚህም የሚያስፈልገው ዐይንና ጆሮ፣ እርሳስና ደብተር፣ ከሁሉም በላይ የሠራን እጅ የማክበር ልብ ነው። ያ ልብ ያለው ሕዝብ በጉልቱም ላይ ሆነ በአዳራሹ ውስጥ የሚያቀርበው ማዕድ አያሳፍረውም።